ጆሮ ደግፍ፣ ተማሪዎችና የክትባት ካርድ

(ለጎልማሶች መሠረተ ትምህርት በሬዲዮ የተነገረ፤ ለአዲስ አንባቢዎች ታትሞ የቀረበ)

 

ዛሬ የምናነበው ስም ሁለት ቃላት አሉት። አንደኛው «ጆሮ» ነው። ሁለተኛው «ደግፍ» ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ጆ-ሮ ደ-ግፍ። አሁን ሳትቆራርጡ አንብቡት። ጆሮ ደግፍ።

ስሙ ራሱ በሽታውን ይናገራል። ከጆሮ ሥር ያብጣል። እብጠቱ ጆሮን ከታች ይደግፈዋል። የታመመውን ሰው ከፊት ለፊት ብታዩት፣ የጆሮው ጫፍ ወደ ላይና ወደ ውጭ ተገፍቶ ታዩታላችሁ። ስሙን ያወጡት ሰዎች አጉሊ መሣሪያ አልነበራቸውም። ዐይን ግን ነበራቸው።

ይህን ርእስ የመረጥኩት በአንዲት እናት ምክንያት ነው። እኒህ እናት የሚኖሩት ገንደ ቆሬ ነው። ማታ ማታ እኔ ዘንድ ይማራሉ። ከፊት ወንበር ነው የሚቀመጡት። በእኛ በድሬዳዋ አንቱታ ብዙ አይወደድም። ሽማግሌውም አንተ፣ አሮጊቷም አንቺ ነው። እኔ ግን አስተማሪነቱ ይዞኝ «እርስዎ» እላቸዋለሁ። እሳቸውም ይስቁብኛል።

ልጃቸው አሜሪካ ኮሌጅ ይማራል። አንድ ቀን ደወለላቸው።

«እማዬ፣ ሕፃን ሆኜ የጆሮ ደግፍ ክትባት ወስጃለሁ?»

«ሁሉንም ተከትበሃል። ካርድህ እጄ ላይ ነው።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

እናትየው ዝም አሉ። ልጁ እናቱ ማንበብ መጀመራቸውን ሰምቷል። አንብቢልኝ ብሎ ሲጠይቃቸው ግን የመጀመሪያው ነበር። «ነገ እነግርሃለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በልጁ ኮሌጅ ጆሮ ደግፍ ገብቷል። ኮሌጁ ለተማሪዎቹ ማስታወቂያ አወጣ። ሁለት ጊዜ መከተቡን በወረቀት ያላሳየ ተማሪ ክፍል አይገባም አለ። የመጨረሻው በሽተኛ ጉንጩ ካበጠበት ቀን ጀምሮ 26 ቀን እስኪያልፍ ድረስ ማለት ነው። በዚያ መካከል ሌላ ሰው ከታመመ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ልጁ እዚያ እንደደረሰ አንድ ጊዜ ተከትቧል። ሁለተኛውን ረስቶታል። ፈተና ደግሞ ደርሷል። «ምናልባት በሕፃንነቴ የወሰድኩት እንደ አንድ ይቆጠርልኝ ይሆናል» ብሎ ነው የደወለው።

በማግሥቱ ማታ እናትየው ካርዱን ይዘው መጡ። በላስቲክ ተጠቅልሏል። ጠርዙ ወይቧል። ከሃያ ዓመት በላይ ሣጥን ውስጥ ኖሯል። ጎን ለጎን ተቀምጠን አነበብን። ጣታቸውን ከቃሉ ሥር እያስኬዱ፣ «ቢ-ሲ-ጂ» አሉ። ይህ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ነው። «ፖ-ሊ-ዮ» አሉ። ይህ ልጅን ሽባ የሚያደርገው በሽታ መከላከያ ነው። «ዲ-ፒ-ቲ» አሉ። ይህ የሦስት በሽታዎች ነው፤ የዲፍቴሪያ፣ የትክትክና የመንጋጋ ቆልፍ። ከዚያ የመጨረሻው መሥመር ላይ ደረሱ። «ኩ-ፍ-ኝ።» ቀና ብለው ዐዩኝ። «ይኸው! ይኼ አይደለም?»

አይደለም። ኩፍኝ ሌላ፣ ጆሮ ደግፍ ሌላ ነው።

እኒህ እናት ብቻ አይደሉም የተሳሳቱት። «ተከትቤያለሁ» የሚል ሰው ሁሉ ከምን እንደተከተበ አያውቅም። ክትባት አንድ ጃንጥላ አይደለም። እያንዳንዱ ክትባት ለራሱ በሽታ ነው የተሠራው።

ለመሆኑ ጆሮ ደግፍ ምንድን ነው?

መነሻው ቫይረስ ነው። ቫይረስ በዐይን የማይታይ በጣም ረቂቅ ነገር ነው። በምራቅ ውስጥ ይኖራል። ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያወራ በሚወጣው ጠብታ ይተላለፋል። በአንድ ብርጭቆ ሲጠጡም ይተላለፋል። ከጆሮ ፊትና ከጆሮ ሥር የምራቅ ዕጢዎች አሉ። አፋችን እንዳይደርቅ ምራቅ የሚያመነጩት እነዚህ ናቸው። ቫይረሱ እነዚህን ዕጢዎች ያስቆጣል። አንዳንዱን ሰው በአንድ ጎን፣ አንዳንዱን በሁለቱም ጎን ያብጠዋል።

መጀመሪያ ትኩሳት ይመጣል። ራስ ያማል። ሰውነት ይዝላል። ምግብ ያስጠላል። ከዚያ ያብጣል። ማኘክና መዋጥ ያስቸግራል። ሎሚ ወይም ብርቱካን አፍ ውስጥ ቢገባ ሕመሙ ይብሳል። ለምን? ጎምዛዛ ነገር ምራቅን ስለሚጠራ ነው። ያበጠው ዕጢ ደግሞ ሥራ ሲጠራ ያመዋል።

አንዳንድ ሰው ምንም ሳይሰማው ያልፋል። ቫይረሱን ለሌላው የሚሰጥ መሆኑ ግን አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። መንጋጋ ሥር ያበጠ ሁሉ ጆሮ ደግፍ አይደለም። የበሰበሰ ጥርስም ያሳብጣል። የጉሮሮ ሕመምም ያሳብጣል። እንቅርት ደግሞ ከፊት፣ ከአንገት ላይ ነው የሚወጣው። ለይቶ የሚነግራችሁ የጤና ባለሙያ ነው። ልጁ ጉሮሮውን አመመው ተብሎ እንጥል ወደሚቆርጡ ሰዎች መውሰድ አለ። ያበጠውን በእሳት መተኮስም አለ። ይህን አታድርጉ። እንጥል መቁረጥ ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል። ጆሮ ደግፉን ደግሞ ከቶ አይነካውም።

በሕፃን ላይ ጆሮ ደግፍ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። በአንድና በሁለት ሳምንት ይለቃል። ስለዚህ ብዙ ሰው ይንቀዋል። በጎልማሳና በወጣት ላይ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ነውር አይሁንብኝና በግልጽ ልናገር። ለአካለ መጠን የደረሰ፣ ያልተከተበ ወንድ ሲይዘው፣ ከ10 ሰዎች ወደ 3 በሚሆኑት ላይ የዘር ፍሬ ያብጣል። ብዙ ጊዜ አንዱ ብቻ ነው የሚያብጠው። ሕመሙ ከባድ ነው። ካለፈ በኋላ ያበጠው ፍሬ ሊሟሽሽ ይችላል። ፈጽሞ መካን መሆን ግን ከስንት አንድ የሚያጋጥም ነው። በሴቶችም ላይ የዕንቁላል ዕጢ ወይም ጡት ሊቆጣ ይችላል። ቆሽትም ሊቆጣ ይችላል። የአንጎል ሽፋን ሊቆጣ ይችላል። አልፎ አልፎ ጆሮ ይደነቁራል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጆሮ ነው። መሞት አለ፤ ግን እጅግ ጥቂት ነው።

እኔ ይህን በሽታ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። መምህር ለመሆን ስሠለጥን አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነን እንተኛ ነበር። አራት ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ መስኮት። የማሠልጠኛውን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ የትም ቢሆን የሚሆን ነገር ነው። ኅዳር 3 ቀን ጠዋት አንዱ ጓደኛችን ጉንጩ አብጦ ተነሣ። «ሌሊት ከንብ ጋር ነው ያደርከው» ብለን ሳቅንበት። ጥርሱን ነው አልን። ከእኛ ጋር በላ። በአንድ ጣሳ ጠጣ። እኛም ጎረስን፣ አጎረስነው። ኅዳር 20 ቀን ሁለት ልጆች አበጡ። ኅዳር 22 ቀን ሦስተኛው። ታኅሣሥ 8 ቀን በሽታው ከግድግዳው ማዶ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ተገኘ።

ከታመሙት አንዱ ጉንጩ እየጎደለለት ሳለ ከፍራሹ መነሣት አቃተው። «ሆዴን ነው» ይላል። ሦስት ቀን ተደብቆ ተኛ። አፍሮ ነው። የዘር ፍሬው አብጦ ነበር። ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠው ደግፈን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። እንዳትደነግጡ፣ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። አንዱ ፍሬ ግን እንደቀድሞው እንዳልተመለሰ ራሱ ነግሮኛል። ያን ጊዜ የቀረነው ደግሞ ከመደብር የፀረ ባክቴሪያ እንክብል ገዝተን ለመከላከያ ብለን ዋጥን። ገንዘብ አባከንን። ያ መድኃኒት ለባክቴሪያ እንጂ ለቫይረስ አይሠራም።

እስቲ አሁን እርሳስ አንሡ። ከኅዳር 3 እስከ ኅዳር 20 ስንት ቀን ነው? 17 ቀን። ከኅዳር 3 እስከ ኅዳር 22ስ? 19 ቀን። ከኅዳር 20 እስከ ታኅሣሥ 8? የእኛ ወር 30 ቀን ነውና፣ 10 እና 8፣ 18 ቀን።

ይህ ቁጥር እንዲሁ የመጣ አይደለም። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ እስኪያሳብጥ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ16 እስከ 18 ቀን ይፈጃል። ሲያጥር 12፣ ሲረዝም 25 ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት ሰውየው ደህና ይመስላል። ተላላፊነቱ የሚጠነክረው ሊያብጥ 2 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ካበጠ በኋላ እስከ 5 ቀን ነው። የእኛ ጓደኛ ኅዳር 3 ቀን አበጠ። ስለዚህ ከኅዳር 1 እስከ ኅዳር 8 ያስተላልፋል። እኛ በነዚያ ቀናት ነው በአንድ ጣሳ የጠጣነው።

ኮሌጆች የሚቸገሩት በዚህ ነው። ወጣቶች ተጠጋግተው ይተኛሉ። ተጠጋግተው ይማራሉ። ከአንድ ሣህን ይበላሉ። በሽታው መኖሩ ሲታወቅ ሁለተኛው ዙር ከወዲሁ ተዘርቷል።

ክትባቱስ ከየት መጣ? የክትባቱ ታሪክ ያምራል። በመጋቢት 1955 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ጄሪል ሊን የምትባል የ5 ዓመት ልጅ ሌሊት አባቷን ቀሰቀሰችው። መንጋጋዋ አብጧል። አባቷ ሞሪስ ሂልማን የክትባት ተመራማሪ ነበር። ጉሮሮዋን በጥጥ ጠርጎ ናሙናውን ወደ ሥራ ቦታው ወሰደው። ከዚያም ቫይረሱን በዶሮ ዕንቁላልና በጫጩት ሕዋስ ውስጥ ደጋግሞ አሳደገው። ቫይረሱ የዶሮን ኑሮ ሲለምድ የሰውን ኑሮ እየረሳ፣ እየደከመ ሄደ። የደከመው ቫይረስ ሰው ላይ ሲገባ አያሳምምም። ሰውነት ግን መልኩን አይቶ ይመዘግበዋል። ዋናው ጠላት ሲመጣ ያውቀዋል። ቀድመው ከተከተቡት ሕፃናት መካከል የጄሪል ታናሽ እኅት ኪርስተን ነበረች። ክትባቱ በ1960 ዓ.ም. ተፈቀደ። እስከ ዛሬ የዚያ ዘር ስም ጄሪል ሊን ነው። በ1963 ዓ.ም. የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባቶች በአንድ መርፌ ተዋሐዱ። ይህ ኤም ኤም አር ይባላል። የሚሰጠው ሁለት ጊዜ ነው። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 28 ቀን መኖር አለበት።

አሁን ከባድ ጥያቄ ይመጣል። የእናትየው ልጅም በስልክ አንሥቶታል። «እዚህ ከታመሙት አብዛኞቹ የተከተቡ ናቸው ይባላል። ታዲያ ክትባቱ ምን ይጠቅማል?»

እውነት ነው። በ1998 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ከ6,500 በላይ ሰዎች በጆሮ ደግፍ ታመዋል። ብዙዎቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ሁለት ጊዜ የተከተቡ ነበሩ። እንዲህ ሲባል ሰው ክትባቱን ይጠላል። ለመፍረድ ከመቸኮል ግን ሒሳቡን እንሥራ። ሒሳብ ያስተማርኳችሁ ለሱቅ ብቻ አይደለም።

ሁለት ጊዜ ከተከተቡ 100 ሰዎች ክትባቱ 88ቱን ያህል ይጠብቃል። 12ቱን አይጠብቅም። አንድ ጊዜ ከተከተቡ 100 ሰዎች ደግሞ 78ቱን ያህል ይጠብቃል። እንግዲህ አንድ ኮሌጅ 1,000 ተማሪ አለው እንበል። 980ው ሁለት ጊዜ ተከትበዋል። 20ው አልተከተቡም። ቫይረሱ ሁሉንም ደረሳቸው እንበል። ካልተከተቡት 20ውም ይያዛሉ። ከተከተቡት 980 ውስጥ፣ ከመቶ 12 ሲታሰብ፣ 118 ያህል ይያዛሉ። ድምሩ 138 ነው። ከ138 በሽተኛ 118ቱ የተከተበ ሆኖ ተገኘ! ወሬኛ ይህን ብቻ ይዞ ይሮጣል። ሳይታመሙ የቀሩትን 862 ተማሪዎች አይቆጥራቸውም። ክትባት ባይኖር ኖሮ እኮ 1,000ውም በሽታው ፊት ባዶ እጃቸውን ነበሩ።

ሌላም ምክንያት አለ። ክትባቱ ከዓመታት በኋላ ይደክማል። ሕፃን ሆኖ የተከተበ ሰው ኮሌጅ ሲገባ ጉልበቱ ቀንሶ ይሆናል። ለዚህ ነው የአሜሪካ የጤና አማካሪዎች በ2010 ዓ.ም. አዲስ ምክር ያወጡት። በወረርሽኝ ጊዜ የጤና ባለሥልጣኖች ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው ላሏቸው ሰዎች፣ ሁለት ጊዜ የተከተቡ ቢሆኑም፣ ሦስተኛ ይሰጥ አሉ። ተከትቦ የታመመ ሰውም ብዙ ጊዜ ቀለል ይልለታል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ መደበኛው የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ተጀመረ። ያ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር ጠፋ ብሎ ያወጀበት ዓመት ነው። ታላላቆቻችሁ ፊት ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። በአገራችን የመጨረሻዋ የፈንጣጣ ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ፣ ዲሞ በምትባል መንደር የተገኘች የ3 ዓመት ልጅ ነበረች። ከታች እስከ ላይ ገደል ለገደል በእግራቸው የዞሩ ከታቢዎች ናቸው ያንን ያደረጉት። በዓመቱ በጥቅምት 1970 ጎረቤታችን ሶማሊያ ውስጥ የመጨረሻው ታየ። ከዚያ ወዲህ በተፈጥሮ የመጣ ፈንጣጣ የለም።

ዛሬ በጤና ጣቢያችን ሕፃን በ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ይወስዳል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በ15 ወሩ ሁለተኛ ተጨምሯል። ይህ ሁሉ በነፃ ነው። የጆሮ ደግፍ ክትባት ግን በመደበኛው ፕሮግራም ውስጥ የለም። ለምን? ኩፍኝ ሕፃናትን ይገድላል። ጆሮ ደግፍ እጅግ ጥቂቱን ነው። ገንዘብ ሲያንስ መጀመሪያ የሚገድለውን ነው የሚዘጉት። እኔ በዚህ አልከራከርም። ዘጠኝ ወር የሞላው ልጅ ያላችሁ፣ ነገ ጠዋት ለኩፍኙ ውሰዱት። ግን ከዚህ የተነሣ ልጆቻችን ትልቅ ሆነው ኮሌጅ ሲገቡ ለጆሮ ደግፍ ያልተከተቡ መሆናቸውን ዕወቁ። በልጅነቱ የታመመ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አይይዘውም። ያልታመመው ግን ክፍት ነው።

ድሬዳዋ ደግሞ የተማሪ ከተማ ሆናለች። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከየክፍለ ሀገሩ ልጆች ይመጣሉ። ኮሌጆችም አሉን። ብዙዎቹ ተማሪዎች በእናንተ ግቢ ተከራይተው ይኖራሉ፤ ሳቢያን፣ ለገሃሬ፣ ገንደ ቆሬ። እናታቸው ሩቅ ናት። ሲታመሙ የምታዩአቸው እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ምክሩ ለእነርሱም ለእናንተም ነው።

በ2011 መጨረሻና በ2012 መግቢያ ቺኩንጉንያ ከተማችንን ሲያንቀጠቅጥ ትዝ ይላችኋል። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። ያን ጊዜ በርሜል ክደኑ፣ ውሃ አታቁሩ ተባልን። ያ የትንኝ ነገር ነበረ። ጆሮ ደግፍ ግን ትንኝ አያውቅም። የጆሮ ደግፍ መንገድ ምራቅ ነው። እና እኛ ድሬዎች በምራቅ ነገር ጎበዞች አይደለንም! በርጫ ላይ አንድ የውሃ ጠርሙስ ለስድስት ሰው ይዞራል። የሺሻ አፍ ይዞራል። ሲጋራ ይዞራል። ሙቀት ነው፣ ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ሰው ለሁሉም ያጠጣል። ደግነት ነው፤ አልነቅፈውም። በሽታ በሰፈሩ ካለ ግን ለየራሳችሁ ብርጭቆ ያዙ። ጉርሻውንም ለሦስት ሳምንት አቆዩት። ፍቅር በሦስት ሳምንት አያልቅም።

ተማሪው ካበጠ ምን ይደረግ? ካበጠበት ቀን ጀምሮ 5 ቀን ክፍል አይግባ። ካፌም፣ በርጫም፣ መስጊድም፣ ቤተ ክርስቲያንም ይቅርበት። ለብቻው ክፍል ቢገኝ ጥሩ ነው። ባይገኝ አልጋውን ወደ መስኮቱ አውጡለት፤ መስኮቱ ይከፈት። ብዙዎች ሲታመሙ ሻንጣ ይዘው አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ አገራቸው ይሄዳሉ። ይህ በሽታውን በነፃ አሳፍሮ መላክ ነው። አምስቱን ቀን እዚሁ ይቆይ። ሾርባ፣ አጥሚት፣ ለስላሳ ነገር ስጡት። ውሃ በብዛት ይጠጣ። ለትኩሳቱና ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይወስዳል። አስፕሪን ለልጅና ለአፍላ ወጣት አትስጡ። ያበጠውን በቀዝቃዛ ጨርቅ መያዝ ያስታግሳል።

ራሱን አጥብቆ ካመመው፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ሆዱን ከቆረጠው፣ መስማት ካቃተው፣ ወይም የዘር ፍሬው ካበጠ፣ አታቆዩት። ድል ጮራ ይሁን ሳቢያን ሆስፒታል፣ ቅርባችሁ ወዳለው ውሰዱት። አባቶች ሆይ፣ ስለ ዘር ፍሬው እናንተ ጠይቁት። ልጁ በራሱ አይናገርም። እኔ የማውቀው ልጅ ለሰባት የክፍል ጓደኞቹ እንኳ አልተናገረም።

ክትባቱን በተመለከተ፣ የኤም ኤም አር ክትባት የት እንደሚገኝ የጤና ጣቢያችሁን ጠይቁ። ወደ አሜሪካ በቋሚ ነዋሪነት የሚሄድ ሰው፣ የዲቪ ዕድለኛም ሆነ ቤተሰብ የሚያስመጣው፣ በሕክምና ምርመራው ጊዜ ይጠየቃል። ለትምህርት የሚሄደውን ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮሌጁ ይጠይቀዋል። የሁለቱን ቀን በወረቀት ይያዝ። የሁለተኛው ቀን ሲደርስ ደግሞ አይዘንጋ፤ የረሳ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሰምታችኋል። አብሮት የተኛው ጓደኛው ከታመመ በኋላ የተከተበ ሰው፣ ቫይረሱ ቀድሞ ከገባበት ክትባቱ አያድነውም። ካልገባበት ግን ለሚቀጥለው ዙር ይጠብቀዋል። ስለዚህ «አሁንማ አለፈ» አይባልም።

የማይከተቡም አሉ። እርጉዝ ሴት አትከተብም። የተከተበች ሴት ደግሞ ለአንድ ወር ከማርገዝ ትቆጠብ። በበሽታ ወይም በመድኃኒት ምክንያት የመከላከል ኃይሉ በጣም የደከመ ሰውም አይከተብም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ከተከተቡ በኋላ ክንድ ሊያም፣ ትንሽ ሊያተኩስ፣ ከጆሮ ሥር ትንሽ ሊያብጥ ይችላል። ያልፋል።

«ክትባት መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። እኔም ቀፊራ ገበያ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ የምትነግረኝ ሴትዮ ቲማቲም እየመዘነችልኝ ነበር። ክትባቱ መካን አያደርግም። የዘር ፍሬን የሚያሳብጠው በሽታው ነው። «ልጅን የአእምሮ ሕመምተኛ ያደርጋል» የሚለው ወሬ ደግሞ ከውጭ አገር የመጣ ነው። በ1990 ዓ.ም. እንግሊዝ ውስጥ አንድ ሐኪም ኤም ኤም አርን ከኦቲዝም ጋር የሚያገናኝ ጽሑፍ አሳተመ። ሐሰት መሆኑ ታወቀ። ያሳተመው መጽሔት በ2002 ዓ.ም. ጽሑፉን ሰረዘው። ሐኪሙም የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ። የተሰረዘ ጽሑፍ ወሬው ግን አልተሰረዘም፤ ባሕር ተሻግሮ ገበያችን ደረሰ።

የእናትየውን ነገር ልጨርስላችሁ። ካርዱን ካነበብን በኋላ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ለልጃቸው ደወሉ። «አንብቤዋለሁ» አሉት። «ኩፍኝ ይላል። ጆሮ ደግፍ አይልም። መሥመር በመሥመር ነው ያየሁት፤ የለም። ሂድና ተከተብ።» ልጁ በማግሥቱ ሁለተኛውን ተከተበ። የተከተበበትን ወረቀት ሲያሳይ ኮሌጁ ያን ቀን መልሶ አስገባው። ለፈተናው ደረሰ።

አሁን እናንተም የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ ከሣጥን አውጡ። ላስቲኩን ፍቱት። እያንዳንዱን መሥመር አንብቡ። የተጻፈውን የክትባት ስም በደብተራችሁ ገልብጡ፤ ከጎኑ ቀኑን ጻፉ። ቀን ያልተጻፈበት ባዶ ቦታ ካገኛችሁ ደብተራችሁ ላይ ክብ አድርጉበት። ያንን ክብ ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና «ይህ ለምን ባዶ ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካርዱ የጠፋባችሁ ደግሞ ጤና ጣቢያው መዝገብ ስላለው፣ የልጁን ስምና የተወለደበትን ዓመት ጽፋችሁ ውሰዱ።

ደኅና ሁኑ።